ከታምቡር ወደ ዲስክ፦ የሃይሉክሴ የኋላ ፍሬን የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 24 ቀን 2011፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ከደጀን ስወርድ ፍሬን ከዳኝ።

ዘጠኝ ኩንታል ጤፍ ጭኛለሁ። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት የሄደበት ያውቀዋል። ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳል። በወረድክ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፣ መታጠፊያው አያልቅም። በሦስተኛ ማርሽ ነበርኩ። ከፊቴ አንድ ከባድ መኪና እየተንፏቀቀ ስለነበር ፍሬኑን ደጋግሜ ነካካሁት። ከግማሽ በላይ እንደወረድኩ ፔዳሉ ለሰለሰ። ቀጥዬ ስረግጠው ወለሉ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ጋቢናውን ሞላው።

ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፤ ምንም። ሞተሩ እየጮኸ ይዞኝ እስከ አንድ ሰፋ ያለ ቦታ ደረስኩና ወደ ተራራው ጥግ አስጠጋኋት። የእህቴ ልጅ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆመን ጠበቅን። ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ፔዳሉ ሲመለስ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ድልድዩ ድረስ ወረድን።

ቤት ገብቼ ራት እንኳ አልበላሁም። ነገ ጎማዎቹን ፈትቼ አያለሁ።

ጥቅምት 25፣ እሁድ

መኪናዋ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፣ 1993 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር። ፊቷ ዲስክ ፍሬን ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ብረት ነው፣ ፓድ የሚባሉት ሁለት መያዣዎች ከሁለት ጎን ጨብጠው ያቆሙታል። ኋላዋ ታምቡር። ታምቡር ማለት ያ ድስት የሚመስለው ብረት ነው። ሁለት ሸራዎች ከውስጡ ሆነው ወደ ውጭ እየገፉት ይይዙታል።

በግራ በኩል ስከፍት ሸራው በዲፈረንሻል ዘይት ርሷል። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚከለክለው የአክስሉ ጉሚኒ ሲያፈስ ከርሞ ነው። በቀኝ በኩል ሸራው ደረቅ ነው፣ ግን ሸራውን እያስጠጋ የሚያስተካክለው ጥርስ ዝጎ ተጣብቋል። ስለዚህ ሸራው ታምቡሩን በደንብ ሳይነካው ኖሯል። በአጭሩ ኋላዬ ፍሬን አልነበረውም። ዘጠኝ ኩንታሉን በሙሉ የያዘው የፊቱ ዲስክ ነው። እሱም ተቃጠለ።

የፍሬን ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል። ይህንን ብዙ ሰው ስለሚረሳው ልጻፈው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ይወርዳል። ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይታመቃል፣ ዘይት አይታመቅም። ፔዳሉ ወለል የነካው በዚህ ነው።

ታምቡሮቹን በካሊብሮ ለካኋቸው። አዲሱ 295 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ297 በላይ እንዳይሄድ የሚል ጽሑፍ ብረቱ ላይ አለ። የእኔዎቹ 298 ደርሰዋል። አልቀዋል።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ከአንድ የቆየ መካኒክ ወዳጄ ጋር ስንከራከር ሰነበትኩ። ኋላውን ዲስክ ላደርገው ነው ስለው ሳቀ። "ታምቡሩ ምን በደለህ? ያልጠበቅከው አንተ ነህ" አለኝ።

እውነቱን ነው። ጉሚኒው በጊዜው ቢቀየር፣ ሸራው በየጊዜው ቢስተካከል፣ ዘይቱ ቢታደስ፣ አባይ ላይ የደረሰው አይደርስም ነበር። ታምቡር መጥፎ ፍሬን አይደለም። ጎማው ሲሽከረከር አንዱን ሸራ ራሱ እየሳበ ያጠብቀዋል፣ ስለዚህ በትንሽ ግፊት ብዙ ይይዛል። ለእጅ ፍሬንም ከእሱ የሚሻል የለም። ቶዮታ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሃይሉክስ ላይ እንኳ ኋላውን ታምቡር ያደረገው ሞኝ ስለሆነ አይደለም።

ታዲያ ለምን? አንደኛ፣ ታምቡሮቹ እንደሆኑ አልቀዋል፣ መግዛቴ አይቀርም። ሁለተኛ፣ እኔ በወር ሁለት ጊዜ ያን ቁልቁለት ጭኜ እወርዳለሁ። ታምቡር ሲግል ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል። ዲስክ ሲግል ወደ ፓዱ ይወፍራል። ክረምት ላይ ደግሞ ታምቡር ውስጥ የገባ ጭቃና ውሃ በቀላሉ አይወጣም። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ዲስክ ይታያል። ጎንበስ ብዬ በቸርኬው ቀዳዳ ፓዱ ምን ያህል እንደቀረ አያለሁ። ታምቡሩ ተከድኖ ነው ያታለለኝ።

ዛሬ አንድ ነገር አደረግሁ። ለጊዜው አዲስ ሸራና አዲስ ጉሚኒ አስገብቼ፣ አዲስ ዶት 4 ዘይት ሞልቼ፣ በስምንት ኩንታል አሸዋ እንጦጦ ወጣሁ። ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ በሦስተኛ ማርሽ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ሳላልፍ ወረድኩ። ታች ስደርስ በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር አነጣጠርኩ። የፊት ዲስክ 241 እና 236 ዲግሪ። የኋላ ታምቡር ከውጭ 118 እና 97። በኋላ የማወዳድረው ይህንን ነው። ቁጥር ሳይያዝ "አሁን ይሻላል" ማለት ራስን ማታለል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ ነው። ስለዚህ እዚህ ከፍታ ላይ ሰርቮው ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ናፍጣ ሞተር ላይ ቫኪዩሙን የሚፈጥረው ደግሞ ዳይናሞው ጀርባ ያለችው ትንሽ ፖምፓ ናት። ቱቦዋ ተሰንጥቆ ነበር፣ ቀየርኩት። የሃምሳ ብር ቱቦ ፔዳሉን አቀለለው።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት።

የምፈልገው የፕራዶ የኋላ ዲስክ ነው፣ 120 የሚባለው ሞዴል። እንደ ሃይሉክሱ ስድስት ዳዶ ነው፣ የዳዶዎቹ ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የመሃል ቀዳዳውም ይገጥማል። ዲስኩ 312 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። መሃሉ ላይ ያለው ቆብ ከውስጥ ትንሽ ታምቡር ነው። የእጅ ፍሬኑ እዚያ ውስጥ በሁለት ትንንሽ ሸራዎች ይሠራል። ብዙ ሰው ዲስክ ሲያስገባ የእጅ ፍሬኑን ይረሳል። ወይ ጨርሶ ይተወዋል። ጭነት የሚጭን መኪና ያለ እጅ ፍሬን መንገድ ላይ መውጣት የለበትም፣ አቋሜ ይህ ነው።

ትርፍ ቸርኬዬን በታክሲ ጭኜ ይዤ ሄድኩ። ሻጮቹ አዩኝና ገረማቸው። ግን 312 ሚሊ ሜትር ዲስክና በላዩ የተቀመጠ ካሊፐር (ፓዶቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ክፍል) ባለ 15 ቸርኬ ውስጥ አይገባም። የእኔ ባለ 16 ነው። መሬት ላይ ዲስኩን አስተኝቼ፣ ካሊፐሩን አስቀምጬ፣ ቸርኬውን ደፋሁበት። በካሊፐሩና በቸርኬው መሃል ጣቴ በደንብ አለፈ። ያን ጊዜ ነው ዋጋ መነጋገር የጀመርኩት።

ሦስት ጥንድ አይቼ ሁለቱን ተውኩ። አንደኛው ዲስክ 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል፣ ያ የመጨረሻው ወሰን ነው። የሁለተኛው ካሊፐር ፒስተን ዝጓል። ሦስተኛው ዲስክ ከ18 ወደ 17.2 ነው የወረደው፣ ፒስተኖቹም ንጹሕ ናቸው። ሁሉንም፣ የእጅ ፍሬኑን ሸራ ከተሸከመው ሰሌዳ ጋር፣ በ11,500 ብር ወሰድኩ። ፓዱን፣ የካሊፐሩን ጉሚኒና አዲስ ኩሽኔታ (የአክስሉ ዘንግ የሚሽከረከርበትን) ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አዲስ ገዛሁ። ያገለገለ ጉሚኒ ፍሬን ላይ አይገባም።

ኅዳር 9፣ እሁድ

ማጠብ፣ መቦረሽ፣ መለካት።

ማታ ላይ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። የታምቡሩ ሲሊንደር ፒስተን 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። የካሊፐሩ 41 ገደማ። ስፋታቸው ሲሰላ ካሊፐሩ ሦስት እጥፍ ከምናምን ይበልጣል። ይህን ሲሰማ አንድ ሰው "እንግዲያው ሦስት እጥፍ ይይዛል" ሊል ይችላል። አይደለም። ታምቡሩ ራሱን በራሱ ያጠብቃል፣ ዲስክ ያን አያደርግም። ፓዱ የሚይዝበት ክብም ከታምቡሩ ጠበብ ይላል። ሁሉ ተደምሮ የሚገኘው የመያዝ ጉልበት ከጤነኛ ታምቡር ጋር ተቀራራቢ ነው። ደስ አለኝ። ምክንያቱም የኋላ ፍሬን ከሚገባው በላይ ከያዘ ችግሩ ካለመያዙ ይብሳል።

ከካርቶን ቅርጽ ቆረጥኩ። የአክስሉ ጫፍ ላይ አራት ቡሎኖች አሉ። ካሊፐሩን የሚሸከመው ብረት በእነዚያ አራት ይታሰራል። የካሊፐሩ ሁለት ቀዳዳዎች የት እንደሚውሉ ለማወቅ ዲስኩን አስገብቼ፣ ፓዱ የዲስኩን ጠርዝ ሳያልፍ፣ ወደ መሃልም ሳይገባ ልክ የሚቀመጥበትን ቦታ ፈለግሁ። አራት ካርቶን አበላሸሁ። አምስተኛው ገጠመ። ከዚያ ከኮምፖንሳቶ ቆርጬ እንደገና ሞከርኩ።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ቶርኖ ቤት። ባለሙያው ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮምፖንሳቶውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"በሁለት ቆርጠን ብንበይደውስ ጋሼ? ይረክሳል" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ፍሬን ላይ ብየዳ አላስነካም።"

አለቀ። ከ12 ሚሊ ሜትር ላሜራ አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ተቆረጠ። በኦክስጅን ሲቆርጡት ጠርዙን አምስት ሚሊ ሜትር አስተርፈው ነበር። የተቃጠለውን ጠርዝ በፍሬዛ አነሡት። የመሃሉን ቀዳዳ በቶርኖ አወጡ። በአክስሉ ጉንጭ ላይ ሳይላወስ፣ ሳይጨንቅም ቁጭ ይላል። ቀኙንና ግራውን አንድ ላይ አስረው ነው የበሱት፣ እንዳይለያዩ። ከፕራዶው የመጣውን የእጅ ፍሬን ሰሌዳም መሃሉን አስፍተው፣ አዲስ አራት ቀዳዳ በሱለት።

ቡሎኖቹ ራሳቸው ላይ 10.9 የተጻፈባቸው ናቸው። እንደ ተራ ቡሎን ከየትም የተለቀመ አይሆንም። ጋሼ ጨርሰው ሲሰጡኝ "ሲገጠም ጥራኝ፣ ልየው" አሉኝ።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ጽዮን ማርያም ናት። ፕሬስ ያለው ጋራዥ ዝግ ነው። ጾም ስለገባ ቤት ሽሮ በልተን ካሊፐሮቹን ፈታትቼ አዲሱን ጉሚኒ አስገባሁ፣ በፍሬን ዘይት ብቻ አርሼ። ግሪስም ሆነ የሞተር ዘይት ይህን ጉሚኒ ያሳብጠዋል።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

የዛሬው ከባድ ነበር። በሃይሉክስ የኋላ አክስል ላይ ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ በኃይል የገባ ነው። የታምቡሩን ሸራ የተሸከመው የድሮው ሰሌዳ ደግሞ ከኩሽኔታው ጀርባ ነው ያለው። ሰሌዳው እንዲወጣ ኩሽኔታው መውጣት አለበት። አራቱን ዳዶ ፈትተን ዘንጉን ሙሉውን ሳብነው። ዘንጉ ላይ ያለውን ማቆሚያ ቀለበት በግራይንደር ግማሽ ድረስ ቆረጥነው፣ በስኳርፔሎ ሰነጠቅነው። ዘንጉን እንዳይነካ በጣም ተጠነቀቅን። ከዚያ ፕሬስ። ኩሽኔታው ሲወጣ እንደ ጥይት ጮኸ።

አዲሱን ስናስገባ ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ምክንያቱም አንዱን ረስቶ ኩሽኔታውን ማስገባት ማለት እንደገና አዲስ ኩሽኔታ መግዛት ማለት ነው። የድሮው ቀለበት አይመለስም፣ አዲስ ነው። ጉሚኒውም አዲስ ነው።

ኅዳር 23፣ እሁድ

ጋሼ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ።

ብረቱ ቁጭ አለ። ዲስኩ ገባ። ካሊፐሩ ላዩ ላይ ተቀመጠ፣ በሁለቱም በኩል እኩል ክፍተት አለው። ኮምፓራቶራቸውን አውጥተው ዲስኩን በእጅ እያዞሩ ለኩት። 0.25 ሚሊ ሜትር ይወዛወዛል። ይህ ብዙ ነው፣ ፔዳል ላይ ይመታል። ዲስኩ ጠማማ መስሎኝ ልቤ ተሰበረ። እሳቸው ዝም ብለው ዲስኩን አወጡና አክስሉ ጉንጭ ላይ ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አሹት። ከዳዶው ግርጌ አንዲት የዝገት ቅርፊት ነበረች። አነሧት። እንደገና ተለካ፦ 0.07።

ከዚህ ሁሉ ሥራ የማይረሳኝ ይህ ነው።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

ቱቦዎች። የታምቡር ሲሊንደር ከሰሌዳው ጋር የታሰረ ስለሆነ የብረት ቱቦ ቀጥታ ይገባበታል። ካሊፐር ግን ፓዱ ባለቀ ቁጥር ይንሸራተታል። የብረት ቱቦ ከታሰረበት ቀስ በቀስ ይሰበራል። ስለዚህ በየጎኑ አንድ አንድ አጭር የላስቲክ ቱቦ ጨመርኩ። አክስሉ ላይ የሚያዝበት ትንሽ ማሰሪያም ሠራሁ። ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠልም ሲጫንም እንዳይወጠር፣ ጭስ ማውጫውንም እንዳይነካ አየሁ። በመዳቡ ራንዴላ ላይ አልሳሳሁም፣ አራቱም አዲስ።

ኅዳር 30፣ እሁድ

አየር ማስወጣት። የእህቴ ልጅ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ።

"ርገጥ!" "ያዝ!" "ልቀቅ!"

አንድ ሊትር ዘይት ጨረስን። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ነው። ሁለተኛ ሊትር ገዛን። ያው ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ማስተር ሲሊንደር አልችል ብሎ ነው ብዬ አሰብኩ። የእኔው ላይ 7/8 ኢንች ተጽፎበታል፣ ባለ 1 ኢንች ላስገባበት ፈለግሁ። ባለ 1 ኢንቹ 30 ከመቶ የሚበልጥ ዘይት ይገፋል፣ ግን እግርም በዚያው ልክ ይደክማል። ሲመሽ ተውነው።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ማስተሩን ከመግዛቴ በፊት እንደገና ከሥር ገባሁ። ረጋ ብዬ ካሊፐሩን አየሁት። የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ከታች ናት።

ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጌ ነው ያሰርኩት። ካሊፐሮቹ ሲገለበጡም ልክ ይገጥማሉ፣ ስለዚህ ምንም አልከለከለኝም። አየር ግን ወደ ላይ ነው የሚሄደው። መውጫው ከታች ከሆነ ሁለት ሊትር አይደለም በርሜል ብታፈስ አየሩ ካሊፐሩ አናት ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ኅዳር 21 ቀን ስፈታቸው በቀለም ምልክት ላደርግባቸው ይገባ ነበር። አላደረግሁም።

ቦታቸውን አቀያየርኩ። ግማሽ ሊትር እንኳ ሳይፈስ ፔዳሉ ጠነከረ፣ እንደ ድንጋይ። ያው ባለ 7/8 ማስተር በቂ ነው። ፔዳሉ ከድሮው ወረድ የሚለው በጣት ውፍረት ነው።

ሌላም ነገር ፈተሽኩ። አንዳንድ ማስተር ሲሊንደር ለታምቡር ተብሎ ቱቦው ውስጥ ትንሽ ግፊት ያስቀራል። ዲስክ ላይ ያ ግፊት ፓዱን እያሸ ያግላል። ፔዳሉን ረግጬ ለቀቅሁና የአየር ማስወጫዋን ከፈትኳት። ተስፈንጥሮ የወጣ ዘይት የለም። ጎማውም በእጅ እንደ ልብ ይዞራል። ደህና ነው።

ታኅሣሥ 7፣ እሁድ

ዛሬ ከአባይ ቀጥሎ የፈራሁበት ቀን ነው።

በማለዳ ሰው በሌለበት ሰፊ ኮረኮንች ሜዳ ሄድን። ባዶ መኪና፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር። ረገጥኩ። የኋላው ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ተቆለፈና የመኪናዋ ጭራ ወደ ግራ ሸሸ። ለቀቅሁት። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው። ዝናብ ላይ፣ መታጠፊያ ላይ፣ ይህ ማለት መገልበጥ ነው። የፊቱ ቀድሞ ቢቆለፍ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የኋላው ቀድሞ ሲቆለፍ ትዞራለች።

ከሥር ገባሁ። ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክስሉ በላይ ጭነት የሚለካ ቫልቭ አለ። ከአክስሉ ጋር በዘንግ ይገናኛል። መኪናዋ ባዶ ስትሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን የዘይት ግፊት ይቀንሳል፣ ስትጫን ይለቃል። ብልህ ነገር ነው። የእኔው ዘንግ ግን በሽቦ ታስሯል። ከእኔ በፊት የያዛት ሰው ይሁን ሌላ፣ "ኋላው አይዝም" ሲባል ሙሉ ግፊት እንዲሄድ አስሮት ነው። ታምቡሩ ስለማይሠራ ለዓመታት ማንም አላወቀም። ዲስኩ ሲገባ ታወቀ።

ሽቦውን ቆረጥኩት። አሁን ደግሞ ኋላው ምንም አይዝም። ምክንያቱም ለጭነት ተብሎ አንድ ተጨማሪ ባሌስትራ ተጨምሯል። መኪናዋ ከፍ ስላለች ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ናት ብሎ ያስባል። ዘንጉን የምታስረዝመውንና የምታሳጥረውን ዳዶ ፈትቼ፣ አንድ አንድ ዙር እያዞርኩ ሞከርኩ። ማዞር፣ ማሰር፣ መንዳት፣ መርገጥ። ልጁ ከጎን ቆሞ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደቆመ ይጮህልኛል። ሰባት ጊዜ። በስምንተኛው የፊቱ ቀድሞ ያዘ፣ የኋላው ተከተለ፣ መኪናዋም ቀጥ ብላ ቆመች። በጄሪካን ውሃ አርሰንም ሞከርን። ቀጥ።

ዲስኩን መግጠም ከሥራው ግማሽ አይሞላም። ሥራው ይህ ነበር። አንድ ሰው ዲስኩን ገጥሞ፣ አየር አስወጥቶ፣ "ይዟል" ብሎ መንገድ ከወጣ ከታምቡሩ የባሰ አደጋ ይዞ ነው የወጣው።

ከሰዓት በኋላ ፓዱን አለማመድኩት። ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ፣ ሳላቆም፣ በየመሃሉ እያቀዘቀዝኩ።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

የቦሎ ጊዜዬ ገና ነው፣ ግን የቴክኒክ ምርመራ ጣቢያ ሄጄ በሮለር አስለካሁ። የተቀየረውን ነግሬ አሳየሁ። ፊት ግራ 3.1፣ ቀኝ 3.0 ኪሎ ኒውተን። ኋላ ግራ 1.8፣ ቀኝ 1.7። ግራና ቀኝ ተቀራራቢ፣ ኋላው ከፊቱ ያነሰ። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው። የእጅ ፍሬኑ ግን ደካማ ነው አሉኝ።

ታኅሣሥ 14፣ እሁድ

እንጦጦ፣ ስምንት ኩንታል አሸዋ፣ ያው ሦስተኛ ማርሽ፣ ያው ፍጥነት።

መጀመሪያ የእጅ ፍሬን። ዳገት ላይ ቆሜ ጎተትኩት። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ልጁ ሽብልቁን ይዞ ከኋላ ስለነበር ወዲያው አቆማት። ትንንሾቹ ሸራዎች 210 ሚሊ ሜትር ክብ ውስጥ ነው የሚሠሩት፣ አዲስ ሸራ ደግሞ መላመድ አለበት። በዲስኩ ቆብ ቀዳዳ በኩል ጥርሷን በካቻቪቴ እያዞርኩ ጎማው እስኪቆለፍ አጠበቅሁ፣ ከዚያ ስምንት ጥርስ መለስኩ። ሜዳ መንገድ ላይ የእጅ ፍሬኑን ለስለስ አድርጌ ስቤ 400 ሜትር ያህል ነዳሁ። ቀዝቅዞ ደግሜ። እንደገና ዳገቱ ላይ። ያዘ። አሥር ደቂቃ ቆመች፣ አልተነቃነቀችም።

ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሽሮ ሜዳ ላይ የፊት ዲስክ 188 እና 192። የኋላ 171 እና 166።

241 የነበረው 188 ሆነ። ሥራው ለአራት ተከፈለ።

ጥር 4፣ ቅዳሜ፣ ጎሐ ጽዮን

ገናን ደጀን ከቤተሰብ ጋር አሳልፈን እየተመለስን ነው። ዘጠኝ ኩንታል ጤፍ። ጠዋት ከመነሳታችን በፊት በቸርኬው ቀዳዳ ፓዶቹን አየሁ፣ ሁለቱም ጎን እኩል ናቸው። የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ 110 ኒውተን ሜትር አጠበቅሁ።

በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ፣ በሦስተኛ አይደለም። ጥሩ ፍሬን ማርሽን አይተካም። ያን ቀን የቆምንበት ቦታ ስንደርስ ሆን ብዬ አቆምኩ። ድንጋዮቹ አሁንም ከመንገዱ ዳር አሉ። ለካሁ፦ ፊት 203፣ ኋላ 184። ፔዳሉ ከደጀን ስንነሳ እንደነበረው ጠንካራ ነው።

የህዳሴ ድልድይን አልፈን ዳገቱን ጨርሰን ጎሐ ጽዮን ሻይ እየጠጣን ነው የምጽፈው። የቀኙ የእጅ ፍሬን ገመድ ትንሽ ረዝሟል፣ ሰኞ አሳጥረዋለሁ። የቀኙ የላስቲክ ቱቦ ማሰሪያም ዳዶዋ ላላ ብላለች፣ አሁኑኑ ላጥብቃት። የእህቴ ልጅ ቁልፉን ይዞ መኪናዋ ሥር ገብቷል።